በዋልካ ላይ ረጅም ሕንጻ፦ ስለ ፓይል መሠረት ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጎንደር ውስጥ ፎቅ ለመሥራት ያሰቡ ባለቤቶች፣ ፎርማኖችና ገና ሥራ የጀመሩ መሐንዲሶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ፓይል ማለት የሕንጻውን ጭነት ወደ ጥልቁ ጠንካራ አፈር ወይም ዓለት የሚያወርድ ረጅም የአርማታ ምሰሶ ነው። ቁጥሮቹ የቀረበላችሁን ዲዛይን በዓይነ ቁራኛ ለማየት ይረዳሉ፤ የራሳችሁን ቦታ የአፈር ምርመራ ግን አይተኩም።

ጎንደር ዓለት ላይ የተቀመጠች ከተማ አይደለችም እንዴ? ፓይል ምን ያደርጋል?

ግማሹ እውነት ነው። ነገሥታቱ ግንባቸውን ያቆሙበት፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለው ጉብታ ባዛልት ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ዶማው ገና ሳይጠልቅ ድንጋይ ይመታል። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ አዘዞ፣ ከዚያም የጠዳ ሜዳ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ከላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ነው፤ በሚያዝያ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በሐምሌ ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋዋል። ከዋልካው ሥር ቡናማ ጭቃ፣ ከዚያ የበሰበሰ ባዛልት፣ ከዚያ ጠንካራ ዓለት ይመጣል። ችግሩ እያንዳንዱ ሽፋን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከላይ ሆኖ ማወቅ አለመቻሉ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ጥግ 4 ሜትር ላይ ዓለት አግኝቶ ሌላው 11 ሜትር ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሕንጻውን ከሚያሰጋው ነገር ዋናው ድካሙ ሳይሆን አለመመጣጠኑ ነው፤ እኩል ቢሰምጥ ኖሮ ግድግዳ ባልተሰነጠቀ።

ስንት ፎቅ ሲሆን ነው ፓይል ግዴታ የሚሆነው?

በፎቅ ብዛት የሚወሰን ነገር አይደለም። ጂ+8 ሕንጻ 2 ሜትር ላይ ጤነኛ ባዛልት ካገኘ ተራ ፉቲንግ (በየዓምዱ ሥር የሚነጠፍ የአርማታ መሠረት) ይበቃዋል። ጂ+3 ደግሞ 9 ሜትር ውፍረት ባለው ዋልካና ጭቃ ላይ ከቆመ ፓይል ሊያስፈልገው ይችላል።

ለመነሻ ግምት አንድ ፎቅ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል ብላችሁ ያዙ። ዓምዶቹ በ5 ሜትር ርቀት ቢቆሙ አንዱ ዓምድ 25 ካሬ ሜትር ይሸከማል። ጂ+8 ከነጣሪያው 10 ሶሌታ ነው፤ 25 በ12 በ10 ሲባዛ 3,000 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 300 ቶን ገደማ በአንድ ዓምድ። ያንን ጭነት 150 ኪሎ ፓስካል በሚችል ጭቃ ላይ በፉቲንግ ለማሳረፍ 20 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ከ25ቱ ካሬ 20ውን ፉቲንግ ከሸፈነው ፉቲንግ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ምርጫው ወይ ራፍት (ከሕንጻው ሥር በሙሉ የሚነጠፍ አንድ ወፍራም የአርማታ መሠረት) ወይ ፓይል ነው።

ራፍት መቼ ያዋጣል? ቤዝመንት ካለ። 3 ሜትር ስትቆፍሩ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ኒውተን የሚሆን አፈር ታወጣላችሁ፤ የሕንጻው ክብደት 120 ከሆነ መሬቱ የሚሰማው ጭማሪ 70 ብቻ ነው። ቁፋሮው ክፉኛ የሚያብጠውን የላይኛውን ክፍልም አብሮ ያነሳል። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያ ቤዝመንት የታሰበ ከሆነ መሐንዲሱ ራፍትን ሳያሰላ በቀጥታ ፓይል ካዘዘ ምክንያቱን ጠይቁት።

የአፈር ምርመራው ስንት ጉድጓድ፣ ምን ያህል ጥልቀት?

ከአውሮፓው የተወሰደው የኢትዮጵያ ደረጃ፣ ኢኤስ ኢኤን 1997 (ቁጥሩ የደረጃው መለያ እንጂ ዓመት አይደለም)፣ ለረጅም ሕንጻ በጉድጓዶች መካከል ከ15 እስከ 40 ሜትር ርቀት ይመክራል። 20 በ30 ሜትር ለሆነ ሕንጻ አራቱን ጥግና መሀሉን፣ በድምሩ 5 ጉድጓድ ብታስቆፍሩ ጥሩ ነው፤ ከ3 ማነስ የለበትም። የጥልቀቱ ደንብ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ጉድጓዱ ፓይሉ ከሚቆምበት ጫፍ በታች ቢያንስ 5 ሜትር፣ ወይም የፓይሉን ውፍረት 3 እጥፍ፣ ወይም የፓይሎቹን ስብስብ የጠባቡን ጎን ያህል መውረድ አለበት፤ ከሦስቱ የበለጠው ይያዛል። 14 ሜትር ፓይል ታስቦ 10 ሜትር ላይ የቆመ ምርመራ ለዲዛይን አይበቃም።

ላብራቶሪው የፈሳሽ ወሰንና የፕላስቲክ ወሰን (አፈሩ ምን ያህል ውሃ ሲይዝ እንደሚላላ የሚያሳዩ)፣ የእብጠት ግፊት፣ ካልተረበሸ ናሙና የተወሰደ ጥንካሬ፣ ለውሃውም ሰልፌት ይለካ። ሳይት ላይ ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል ነገርም አለ። አፈሩን አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ በቀጭን ወንፊት ነፍታችሁ 10 ሚሊ ሊትር ትለካላችሁ፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ብላችሁ ታፈሳላችሁ። በማግስቱ የተቀመጠው አፈር 15 ሚሊ ሊትር ከደረሰ እብጠቱ 50 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። ጥቁር ዋልካ 20 ደርሶ፣ ማለትም እጥፍ ሆኖ ሲገኝ ማንንም አያስገርምም።

ምርመራው በየትኛው ወር ቢሠራ ይሻላል?

መኪናው እንዳይሰምጥ ሲባል ሁሉም በበጋ ያስቆፍራል። በመጋቢት የተወሰደ የዋልካ ናሙና ግን ደርቆ ጡብ ስለሚሆን የኤስፒቲ ቆጠራው (መለኪያውን አፈር ውስጥ ለማስገባት መዶሻው የመታበት ብዛት) ከፍ ይላል፣ ሪፖርቱም መሬቱን ጀግና ያደርገዋል። ያው አፈር በነሐሴ ሌላ ነው። በበጋ መቆፈር ካልቀረ የላይኛው 3 ሜትር ቁጥር ለመሸከሚያነት አይያዝ፣ ጥንካሬውም ውሃ ከጠገበ ናሙና ይወሰድ። ከጉድጓዶቹ በአንዱ የተበሳሳ ፕላስቲክ ቧንቧ አስቀርታችሁ የክረምቱን የውሃ ከፍታ በየሳምንቱ በሜትር ብትለኩ፣ ወጪው ከአንድ ቧንቧ አይበልጥም፤ ለፓይል ቁፋሮው ግን ከብዙ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ይጠቅማል።

«ዓለት ላይ ደርሰናል» ሲባል እንዴት እናምናለን?

ወዲያው አትመኑ። የዚህ አካባቢ ባዛልት በተደጋጋሚ እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ ዋናው ክምችት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ሁለት ወጥመዶች አሉት።

አንደኛው ድንቡልቡል ድንጋይ ነው። ባዛልት ሲበሰብስ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ስለሆነ መሀሉ ጠንካራ ድንጋይ ሆኖ ዙሪያው ጭቃ ይሆናል። መሰርሰሪያው 6 ሜትር ላይ እንዲህ ያለ የ1 ሜትር ድንጋይ ሲያገኝ ይነጥራል፤ ቆፋሪው «ዓለት» ብሎ ይጽፋል። ሥሩ ግን ጭቃ ነው። ሁለተኛው በሁለት ፍሳሾች መካከል የተቀበረ ቀይ አፈር ነው፤ ከላይ 2 ሜትር ጠንካራ ባዛልት፣ ከሥር 1 ሜትር ቀይ ጭቃ፣ ከዚያ እንደገና ባዛልት።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ድንጋይ ከተመታ በኋላ ድንጋዩን በዘንግ መልክ ቆርጦ በሚያወጣ ኮር መሰርሰሪያ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጉድጓዶቹ በአንዱ ደግሞ 5 ሜትር ይቀጥል። የወጣውን የድንጋይ ዘንግ በሣጥኑ ሄዳችሁ እዩት። ርዝመታቸው 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ቁራጮች ተደምረው ከተቆፈረው ርዝመት ግማሽ ካልሞሉ፣ ያ ድንጋይ «ጤነኛ ዓለት» ተብሎ ለጫፍ መሸከሚያ አይያዝም። ሣጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ውሃው አጥቦ የወሰደው ጭቃ ነው።

አንድ ፓይል ስንት ይሸከማል?

በምሳሌ እንየው። ውፍረቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር የሆነ ተቆፍሮ የሚሞላ ፓይል እንውሰድ፤ ዙሪያው 2.51 ሜትር፣ የጫፉ ስፋት 0.50 ካሬ ሜትር ነው።

ከ0 እስከ 3 ሜትር ዋልካ ነው፤ ምንም አንቆጥርለትም። በበጋ ከፓይሉ ይለያል፣ በክረምት ደግሞ ወደ ላይ ይጎትታል።
ከ3 እስከ 10 ሜትር ጥንካሬው 80 ኪሎ ፓስካል የሆነ ጭቃ ነው። ግማሹን ብቻ፣ 40 ኪሎ ፓስካል እንያዝለት፦ 40 በ2.51 በ7 ሜትር፣ 703 ኪሎ ኒውተን።
ከ10 እስከ 14 ሜትር የበሰበሰ ባዛልት፣ በጎኑ 100 ኪሎ ፓስካል፦ 100 በ2.51 በ4፣ 1,004 ኪሎ ኒውተን።
ጫፉ 3,000 ኪሎ ፓስካል፦ በ0.50 ሲባዛ 1,500 ኪሎ ኒውተን።

ድምሩ 3,200 ገደማ ነው። ለደህንነት ሲባል ለ2.5 ስናካፍለው 1,280 ኪሎ ኒውተን ይቀራል። ደረጃው ራሱ ለጎኑ፣ ለጫፉና ለጭነቱ የየራሳቸውን ማካፈያና ማባዣ ይሰጣል፤ ይህ ግን በአንድ ቁጥር ለመፈተሽ ይበቃል። ባለ 3,000 ኪሎ ኒውተኑ ዓምድ እንግዲህ 3 ፓይል ይፈልጋል ማለት ነው። በመካከላቸው ከመሀል እስከ መሀል የውፍረቱ 3 እጥፍ፣ 2.4 ሜትር ይኑር፤ ከዚያ ከተጠጉ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል።

እዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር አስተውሉ። ከጠቅላላው አቅም ግማሽ ያህሉ የጫፉ ነው። የጎን መያዣ ፓይሉ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ጫፉ ግን አቅሙን ሁሉ ለማውጣት የውፍረቱን ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ በዚህ ፓይል ከ40 እስከ 80 ሚሊ ሜትር መስመጥ ይጠይቃል፤ ያውም ንጹሕ ከሆነ ነው። ጉድጓዱ ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ጭቃ ከተኛ የጫፉ 1,500 በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፣ ፓይሉም ከ1,280 ወደ 680 ይወርዳል። ዲዛይን የሚበላሸው በኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እዚያ ጉድጓድ ሥር ነው።

ታዲያ ቁፋሮውና አርማታው እንዴት ይሂድ? የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ለማሽኑ መቆሚያ። ትልቅ የፓይል መሰርሰሪያ 50 ቶንና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ እርጥብ ዋልካ ላይ አይቆምም። ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ ተደልድሎ ይጠቅጠቅ። ይህን ለማትረፍ የሞከረ ሁሉ ማሽን ሲያዘነብል አይቷል፤ ካዘነበለ ማሽን ደግሞ ቀጥ ያለ ጉድጓድ አይወጣም። ፓይሉ ከቦታው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ ከቀጥታውም ከ2 በመቶ በላይ እንዳይዘም ያስፈልጋል፤ በ14 ሜትር 2 በመቶ 28 ሴንቲ ሜትር ነው።

ላይኛው 3 ወይም 4 ሜትር በብረት ኬሲንግ (ግድግዳው እንዳይናድ በሚይዝ ቧንቧ) ይያዝ። ከዚያ በታች ውሃ ከገባ ቤንቶናይት (ግድግዳውን የሚደግፍ የሸክላ ፈሳሽ) ይሞላል፤ የፈሳሹ ከፍታ ሁልጊዜ ከመሬት ውስጥ ውሃው ከፍታ ቢያንስ 1 ሜትር በላይ ይሁን። አርማታ ከመግባቱ በፊት ከጉድጓዱ ሥር ቤንቶናይት ተቀድቶ ይፈተሽ፦ አሸዋው ከ4 በመቶ ካለፈ ይጣራ ወይም ይቀየር።

ከዚያ ጽዳት። ባለ ጥርስ መሰርሰሪያው ሥሩን ሊያጸዳ አይችልም፤ ጠፍጣፋ የማጽጃ ባልዲ ይውረድ። ከዚያ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር በአራት አቅጣጫ ይውረድና ቁፋሮው እንዳለቀ ከተለካው ጋር ይነጻጸር። ክብደቱ «ጠቅ» ብሎ ካረፈ ድንጋይ ነው፤ እየለዘበ ከሰጠመ ጭቃ ነው። ይህ ልኬት ብረቱ ከመውረዱ በፊትም ከወረደ በኋላም ይደገም፤ ብረቱ ሲወርድ ግድግዳውን ልጦ የጣለው ጭቃ አለና። የተቆፈረ ጉድጓድ በዚያው ቀን ይሞላ። ያደረ ጉድጓድ ግድግዳው ይለሰልሳል፣ የጎን መያዣውን ያጣል።

አርማታው በትሬሚ፣ ማለትም እስከ ጉድጓዱ ሥር በሚያደርሰው ቧንቧ፣ ይገባል። ለ14 ሜትር ፓይል በስሌት 7 ሜትር ኪዩብ ነው፤ የግድግዳው ጎርበጥባጣነት ሲታከል 8 ያዙ። ውሃ ባለበት ጉድጓድ በሜትር ኪዩብ ከ375 ኪሎ ያላነሰ ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ፓይል 30 ኩንታል መሆኑ ነው። ስላምፑ (የአርማታው ልልነት መለኪያ) ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ይህ ውሃ በመጨመር ሳይሆን በኬሚካል ይምጣ።

ቧንቧው ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። አፉ ላይ ኳስ ይገባበታል፤ ላይኛው ማስቀመጫ ከ1 ሜትር ኪዩብ ያላነሰ ተሞልቶ አንድ ጊዜ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ልቅቂት ቧንቧውን 2 ሜትር ያህል መቅበር አለበት፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቧንቧው አርማታ ውስጥ ከ1.5 ሜትር ባላነሰ ተቀብሮ ይኑር። ሠራተኛ ቶሎ እንዲወርድለት ቧንቧውን እያነሳ ሲመታ አንዴ ከአርማታው ከወጣ፣ ጭቃና ውሃ መሀል ይገባል፤ ፓይሉ በሁለት ቁራጭ ይሆናል። ከላይ ስታዩት ምንም አይመስልም።

ባለ 350 ሊትር ሚክሰር ብቻ ላላቸው፦ አንድ ዙር ሩብ ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሰጣል። 8 ሜትር ኪዩብ 32 ዙር ነው፤ ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢባል 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። መሀል ላይ ሚክሰሩ ቢቆም ወይም መብራት ቢሄድ ፓይሉ እዚያው ያበቃለታል። ሁለት ሚክሰር ይሠራ፣ ሦስተኛው ተጠባባቂ ይሁን፣ ጀነሬተሩም ቀድሞ ተነስቶ ይሞከር።

አርማታው ከሚፈለገው ከፍታ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ያልፍ። ላይ የሚንሳፈፈው ከጭቃ የተቀላቀለ ነው፤ ኋላ ተፈርክሶ ይነሳል። ይህን «ብክነት» ነው ብሎ የሚቆጥር ባለቤት አለ፤ ካፑ (የፓይሎቹን አናት አያይዞ ዓምዱን የሚሸከመው አርማታ) በዚያ ላይ ቢቆም የሚያወጣው ወጪ ይበልጣል።

ብረቱ ስንት ይሁን? ግማሽ ድረስ ብቻ ቢወርድ አይበቃም?

ለ80 ሴንቲ ሜትር ፓይል ዝቅተኛው 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብረት ነው። 8 ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ ይሞላዋል፤ ነገር ግን በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ስለሚጠየቅ 10 ያዙ። ባለ 10 ስፓይራል (ዙሪያውን የሚጠመጠም ብረት) በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ሽፋን 7.5 ሴንቲ ሜትር፣ ብረቱን ከግድግዳው ማራቂያ በየ2 ሜትሩ 3 ፍሬ። ቶንዲኖ 12 ሜትር ስለሆነ መቀጠል አይቀርም፤ ባለ 20 ብረት 1.2 ሜትር ይደረብ፣ ቅጥሎቹም ሁሉ አንድ ከፍታ ላይ አይዋሉ።

በዋልካ ላይ ብረቱ እስከ ሥር ይወርዳል። ምክንያቱ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ አለ።

ፎቁ ከባድ ነው፤ ዋልካው እንዴት ያነሳዋል?

ፎቁን አያነሳውም። የሚያነሳው ቀላሉን ነው፦ በረንዳውን፣ የውጭ ደረጃውን፣ የጥበቃ ቤቱን፣ አጥሩን፣ የምድር ወለሉን። ለዚህም ነው ሕንጻው ራሱ ጤነኛ ሆኖ መግቢያው ላይ ያለው ሴራሚክ የሚነሳው፣ በሩም ክረምት ሲመጣ የማይዘጋው።

ለበረንዳ ዓምድ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ፓይል ተሰጠ እንበል። ያበጠው 3 ሜትር ዋልካ በጎኑ 30 ኪሎ ፓስካል ወደ ላይ ቢጎትት 170 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። የታችኛው 2 ሜትር የሚይዘው 150፣ የፓይሉ ክብደት 35፤ በድምሩ 185። ለአደጋ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። መሀሉ ላይ ብረት ከሌለ ደግሞ ፓይሉ ሳይነሳ እዚያው ይበጠሳል። ያልተጫነ ፓይል ክረምቱን ካደረ ይኸው ነው የሚደርስበት፤ ስለዚህ በግንቦት የተሞላ ፓይል ላይ ሕንጻው እስከ መስከረም የማይነሳ ከሆነ ዙሪያው ውሃ እንዳይቋጥር ማፋሰሻ ይቆፈርለት፣ የአናቱም ከፍታ በሌቭል (በከፍታ መለኪያ) ይመዝገብ።

ፓይል ካፖቹን የሚያያይዙት ግሬድ ቢሞች ዋልካውን መንካት የለባቸውም። ከሥራቸው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀር። አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘው ፎርም በኋላ የሚወጣ ወይም የሚበሰብስ ይሁን፤ ድንጋይና ጠጠር ሥሩ ጠቅጥቆ መሙላት ግን ቢሙን ራሱን የዋልካው ጃክ ላይ ማስቀመጥ ነው። የምድር ወለሉም ከፓይሉ ጋር የታሰረ ሶሌታ ሆኖ በአየር ላይ ቢቆም የተሻለ ነው። መሬት ላይ የተኛ ሊሾ ግን፣ ሕንጻው ሲሸፍነው ትነት ስለሚቆም፣ እርጥበቱ እየተጠራቀመ መሀሉ እንደ ጉልላት ይነሳል። በአንድ ክረምት ላይታይ ይችላል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ነው ሴራሚኩ የሚጮኸው።

ዋልካውን አውጥተን ገረጋንቲ ብንሞላስ?

ዋልካው 2 ሜትር ብቻ ከሆነና ሥሩ ጠንካራ ከሆነ፣ ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። 6 ሜትር ዋልካ ላይ 2 ሜትር አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ግን ብዙ ጊዜ ገንዳ መሥራት ነው። ገረጋንቲው የጣሪያውንና የግቢውን ውሃ ይሰበስባል፣ ሥሩ ያለው ዋልካ ቀን ከሌት ይጠጣል። የግድ ከሆነ የሚሞላው ውሃ የማያሳልፍ፣ የማያብጥ አፈር ይሁን፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ ይጠቅጠቅ፣ ከሕንጻው ውጭም 1.5 ሜትር ይዝለቅ።

መሰርሰሪያው ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነው፤ በእጅ ብንቆፍርስ?

ዓለቱ ከ8 እስከ 10 ሜትር ባለው ጥልቀት ከተገኘና ውሃው ትንሽ ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው፤ እንዲያውም መሐንዲሱ ራሱ ወርዶ የጫፉን ዓለት በመዶሻ ሊያንኳኳ ይችላል፤ ይህን ዕድል ማሽን አይሰጥም። ስፋቱ ከ1.2 ሜትር አይነስ። አንድ ሜትር ተቆፍሮ የአርማታ ቀለበቱ ሳይሞላ ወደ ቀጣዩ ሜትር አይወረድ። ቆፋሪው ቀበቶና ገመድ ይኑረው፣ ከላይ ሁልጊዜ ሰው ይቁም፣ ጠዋት ከመግባቱ በፊት በነፋሻ አየር ይግባ። በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ክልክል ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል። ውሃ የሚስበው ፓምፕ በኤሌክትሪክ ይሁን፣ ሰው ውስጥ እያለም አይሠራ።

ቦታችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ግማሹ የተሞላ ነው።

የተሞላው አፈር እየሰመጠ ሲሄድ ፓይሉን ይዞት ይወርዳል፤ ስለዚህ ያ ክፍል ለመሸከም አይቆጠርም፣ ይልቁንም በጭነቱ ላይ ይደመራል። ከዚህ በተጨማሪ ወደ አንገረብም ሆነ ወደ ቀሃ በሚያዘቀዝቅ ቦታ የላይኛው ጭቃ በየክረምቱ በቀስታ ወደ ታች ይንፏቀቃል፤ ፓይሉን በጎኑ ይገፋዋል። መጀመሪያ ተዳፋቱ ራሱ መቆሙ ይሰላ። የማይቆም ተዳፋት ላይ የተተከለ ፓይል ከተዳፋቱ ጋር ይሄዳል።

ፒያሳ ወይም ፋሲል ግንብ አጠገብስ?

በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ፓይል አይታሰብም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖራ ግንብም ሆነ የጣሊያን ዘመን ሕንጻ ንዝረቱን አይወደውም። ተቆፍሮ የሚሞላ ብቻ ይሁን፤ ግንቦቹ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑ የከፍታና የቁፋሮ ፈቃዱ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ። ሌላው የጎረቤት ነገር ነው፦ ጉድጓዳችሁን ለማድረቅ ሳምንታት ሙሉ ውሃ ስትስቡ የጎረቤታችሁም ጭቃ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ሥራው ሳይጀመር የጎረቤትን ስንጥቅ በፎቶና በቀን መዝግቡ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ያጥራል።

የተሠራው ፓይል ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?

በጭነት ፈተና። ቢያንስ አንድ የሙከራ ፓይል ዋናው ሥራ ሳይጀመር ተቆፍሮ እስከ ዲዛይኑ ጭነት 2 ወይም 2.5 እጥፍ ይፈተን፤ ለምሳሌያችን 1,280 ከሆነ እስከ 3,200 ኪሎ ኒውተን። የሥራ ፓይሎች ደግሞ እስከ 1.5 እጥፍ። ውጤቱ ከተጠበቀው ከበለጠ ቀሪዎቹ ሊያጥሩ ይችላሉ፤ ፈተናው ራሱን የሚከፍልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለውስጡ ጤንነት በብረቱ ላይ 3 የድምፅ ቧንቧ (የድምፅ ሞገድ በመካከላቸው እያለፈ አርማታው የሚፈተሽባቸው) ታስሮ ከ7 ቀን በኋላ ይለካ። በመዶሻ የሚደረገው ፈጣን ፈተና ትልቅ መሰንጠቅን ያሳያል፤ ሥሩ ላይ የተኛውን ጭቃ ግን አያሳይም።

ከኮንትራክተሩ ጋር ስንዋዋል ምን እንለይ?

ሦስት ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ፦ ማሽን ማምጫና መመለሻ፣ በአፈር ውስጥ በሜትር፣ በዓለት ውስጥ በሜትር። «ዓለት» ማለት ምን እንደሆነ በውሉ ይተርጎም፤ ለምሳሌ የተጠቀሰው ማሽን በአንድ ሰዓት ከስንት ሴንቲ ሜትር በታች ሲሄድ። ይህ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ድንቡልቡል ድንጋይ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ሕንጻው ካለቀ በኋላ የሚጠበቅ ነገር አለ?

ውሃው። የጣሪያው አሸንዳ ግድግዳ ሥር ሳይሆን በቧንቧ ተስቦ ወደ ቦይ ይውጣ። በሕንጻው ዙሪያ 1.5 ሜትር የሚሆን ወደ ውጭ ያዘነበለ የአርማታ መረማመጃ ይዞር። ሴፕቲክ ታንኩ በተቻለ መጠን ይራቅ፣ በዝቅተኛው ጎን ይሁን። ባሕር ዛፍ ከሆነ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ በበጋ ከሥሩ ውሃውን ሲመጥ ዋልካው በዚያ በኩል ብቻ ይሰበሰባል። አንድ የቆየ ዛፍ በድንገት ሲቆረጥ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ እሱ ይጠጣው የነበረው ውሃ መሬት ውስጥ ቀርቶ ከክረምት ክረምት ያሳብጠዋል። ስለዚህ ሊቆረጥ የታሰበ ዛፍ ካለ መሠረቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ክረምት በፊት ይቆረጥ።